የቀጥቃጩ ድርሻ

በቅርያት ጋት ከተማ፣ ከምድር በታች ያለ መጠለያ፣
ሳይረን ሲጮህ ሰው የሚሞላው፣ ሌላ ጊዜ የአቧራ ማደሪያ፤
ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤
ሰርቨሩንም እኔው ነኝ የምጠብቀው።

ባንክ የጣለው አሮጌ ሳጥን፣ ሜሞሪው ጠባብ፣ ጉልበቱ ያለቀ፣
የሐምሌ ሐሩር ሲጨመርበት ማራገቢያው የታነቀ።
በውስጡ ግን አንድ መንደር አለ፣
አምባው፣ ጅረቱ፣ ጸሎት ቤቱ ሳይቀር በቁጥር የተሳለ።
ሽማግሎቹ ናቸው ያስገነቡት፣ ሁለት ክረምት ሙሉ እያረሙኝ፣
«በሩ በዚያ በኩል ነበር»፣ «ዋርካው ከዚህ ይበልጣል» እያሉኝ።

እዚያ ዓለም በሰከንድ አርባ አምስት ጊዜ ይታደሳል፤
ለአንዱ እድሳት ሃያ ሁለት ሚሊሰከንድ አለው፤ ካለፈ ያነክሳል።
ሊራመድ እግሩን ያነሣ ሰው፣ አየር ላይ ሰቅሎት ይቀራል፤
ጅረቱ ይንተባተባል፤ በሬው ግድግዳ ውስጥ ያድራል።

ትናንት ሠላሳ አንድ ደረሰ።
አቶ አድጎይቸው ደወሉልኝ፤ «ልጄ፣ አምባችን ፈረሰ?»
«የዕይታውን ርቀት አሳጥሬው ነው፤ ከመቶ ሜትር ወዲያ አይታይም።»
«እንዴ! ዓይኔ ደክሞ እንኳ» አሉኝ፣ «ያን አምባ አጥቼው አላውቅም።»

መለስኩላቸውና ሌላ ፍለጋ ገባሁ፤
ቅንብሩን መስመር በመስመር ሳገላብጥ አነጋሁ።
ሣሩን እንዳይወዛወዝ አሠርኩት፤
ነፋሱን በሰከንድ ከአሥር ጊዜ ወደ አንድ አወረድኩት።
ማንም ካላያቸው ዶሮዎቹ እንዳይጭሩ ከለከልኩ፤
ሜሞሪ ጠራጊውን ከቀን ወደ ሌሊት ሥራ አዛወርኩ።
ሃያ ዘጠኝ። ሃያ ስምንት ተኩል።
በአንድ በኩል ይቀልላል፤ ይከብዳል በሌላ በኩል።

በመጨረሻ ዝርዝሩን በክብደት ደረደርኩ፤
ከላይ የቆመውን ስም አይቼ፣ እጄን ከኪቦርዱ ሰበሰብኩ።
«ቢያድግልኝ፦ ዘጠኝ ነጥብ አራት።»

ቀጥቃጩ ቢያድግልኝ። ከሞተ አራተኛ ዓመቱ።
ሚስቱ አክስቴ ትርንጎ ናት ያሠራችኝ፣ ከነመዶሻው፣ ከነቁመቱ።
መስፉ አጠገብ ቆሞ ይመታል፤ ፍንጣሪው በየፊናው ይበተናል፤
እያንዳንዷ የት እንደምትወድቅ ሰርቨሩ አስልቶ ይወስናል።
በዚያ አገር ቀን ማረሻ ያሠራው ሁሉ፣ ማታ በሌላ ስም ይጠራው ነበር፤
በዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖረ፣ የብርቱካን ሳጥን ሲቸነክር።

ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ትመጣለች፤ ምንም አትጠይቀው፤
ትንሽ ቆማ ትሄዳለች፣ እሱ መዶሻውን እንዳነሣው።

ሐሙስ ማታ ጠራኋት። ደረጃውን በከዘራ ወረደች፤
ሳጥኑን በመዳፏ ዳሰሰችው፤ «ይሄማ ትኩሳት አለበት» አለች።
ነገርኳት፤ ሚሊሰከንዱን፣ ድርሻውን፣ የተሰቀለውን የሰው እግር።
ሌላ መንገድም አልደበቅኩም፦ ዋርካውን ልቁረጥ፣ ጅረቱን ላድርቅ፣ እሱ ይኑር።

ዝም አለች። ማራገቢያው ብቻ እንደ ወናፍ ያናፋል።
«ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነው፤ ይሄ አራት ዓመት መታ፣ ማረሻው የታል?
ቢያድግልኝ እኮ ወገኛ ነበር፤ ሁለቴ ከመታ ሦስቴ ያወጋል፤
እንዲህ ዕረፍት የማያውቅ ሰው መቼ አገባሁ? ይሄን ማን ያውቀዋል?
ዋርካው ሥር አስቀምጪልኝ፤ መዶሻውን ግን ከእጁ አትውሰጂ፤
የተረፈውን ለሰዉ እግር ስጪ፤ ለሣሩም ትንሽ ነፋስ አበጂ።»

አስቀመጥኩት። አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አንድ።
ነፋሱን መልሼ፣ ሃያ አንድ።
በሬው ከግድግዳው ወጣ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ቆማ መመለስ የለመደችው
ዋርካው ሥር ከጎኑ ቁጭ አለች፤ ፀሐይ እስክትጠልቅ አልተለየችው።
ለሰርቨር የተቀመጠ ሰው ቀላል ነው፤ ሁለቱ ተደምረው ከምንም አይቆጠሩም።
የተጻፈ ንግግር ሁሉ መዝገብ ላይ ይቀራል፤
ያን የዓርቡን አላነበብኩም።